ሲግድ፦ ከጎንደር ተራራ እስከ ኢየሩሳሌም ኮረብታ

ሲግድ የሚለው ስም የመጣው «ሰገደ» ከሚለው የግዕዝ ቃል ነው። ቤተ እስራኤላውያን ምህላ ብለውም ይጠሩታል። ስግደቱም ምህላውም የሚፈጸመው ግን ተራራ ላይ ነው።

ለምን ተራራ? መልሱ በዕለቱ የሚነበበው ኦሪት ውስጥ አለ። ሙሴ ሕጉን የተቀበለው በሲና ተራራ ላይ ነው። ከነህምያ መጽሐፍም ከባቢሎን ምርኮ የተመለሰው ሕዝብ በኢየሩሳሌም ተሰብስቦ፣ ጾሞና ኃጢአቱን ተናዝዞ ቃል ኪዳኑን ያደሰበት ታሪክ ይነበባል። ሲግድም ይህንኑ ቃል ኪዳን በየዓመቱ ማደሻ ነው። ቀኑ ከአስተሰርዮ በኋላ 50ኛው ቀን ነው።

በጎንደር አካባቢ ከታወቁት የሲግድ መሰብሰቢያዎች አንዱ አምቦበር ነበር። ሰዉ ከየመንደሩ በእግሩ ይመጣል። ገላውን ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብሱን ለብሶ፣ ሳይቀምስ ዳገቱን ይወጣል። ቄሶች ኦሪቱን ይዘው በጥላ ታጅበው ይቀድማሉ። ከተከታዮቹ ብዙዎቹ ለትሕትና ምልክት ድንጋይ ይሸከማሉ። ንባቡ በግዕዝ ነው፤ ቀጥሎ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጎማል። ከቀትር በኋላ ወርደው ጾሙን ይፈታሉ፤ መብሉ፣ ዘፈኑና እስክስታው ይቀጥላል።

ያ ቀን ከጸሎትም በላይ ነበር። ቤተ እስራኤል ለረጅም ዘመን ከርስት ተገልለው በአንጥረኝነት፣ በሽመናና በሸክላ ሥራ ሲኖሩ፣ «ቡዳ» እየተባሉም ሲሸሹ የቆዩ ሕዝቦች ናቸው። በትንንሽ መንደሮች ለተበታተነ ሕዝብ ዘመድ ከዘመድ የሚገናኝበት፣ ብቻውን አለመሆኑን በዓይኑ የሚያይበት ስፍራ ተራራው ነበር።

ከዚያ ስደቱ መጣ። በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል ከተጓዙት ብዙዎች መንገድ ላይ ቀሩ። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰደ። በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ፓርላማ ሲግድን ብሔራዊ በዓል አደረገው። ዛሬ ሕዝቡ የሚሰበሰበው የቤተ መቅደሱ ስፍራ በሚታይበት የኢየሩሳሌም ኮረብታ ላይ ነው።

ታዲያ ምኞቱ ተሟላ? ቄሶቹ ቤተ መቅደሱ ገና አልተሠራም ይላሉ፤ ጸሎቱን አላቆሙም። በጎንደርና በአዲስ አበባ ጉዟቸውን የሚጠባበቁ ወገኖችም ዛሬም ሲግድን የሚያከብሩት ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ነው።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው። መንግሥት በዓሉን አክብሮ በዓሉን ያቆዩትን ቄሶች ግን ከረቢዎች እኩል አላደረጋቸውም። ግዕዝ የማይሰማው ወጣት ብዙ ጊዜ ከጸሎቱ ይልቅ ለመገናኘት ይመጣል። መገናኘቱ አይናቅም፤ ድሮም የበዓሉ ግማሽ ነበር። ሌላው ግማሽ ግን አንባቢ ይፈልጋል። ግዕዙን የሚያነብና የሚተረጉም ተተኪ ካልተገኘ፣ ኮረብታው ላይ ሰው ይሰበሰባል፤ የተሰበሰበበትን ምክንያት የሚነግረው ግን አይኖርም።