በፍቅር ደብዳቤ ስም ስለ መጣው ቫይረስ

ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የደቡብ ዩኒቨርሲቲ በከተማችን በተቋቋመበት በ1992 ዓ. ም.፥ ሚያዝያ 26 ቀን፥ ከፊሊፒንስ የተነሣ የኢሜል ቫይረስ ዓለምን አወከ። የደብዳቤው አርእስት «እወድሃለሁ» ይል ስለ ነበረ፥ ተቀባዩ ደስ ብሎት አባሪውን ሲከፍት፥ ቫይረሱ ፋይሎቹን እያበላሸ፥ በአድራሻ መዝገቡ ለሚገኙት ወዳጆቹ ሁሉ በእርሱ ስም ይላክ ነበር። በዚያን ጊዜ በፊሊፒንስ ይህን ጥፋት የሚከለክል ሕግ ስላልነበረ፥ ተጠርጣሪው ሳይቀጣ ቀረ።

በአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ በ2008 ዓ. ም. ወጥቷል፤ ነገር ግን ሕግ የሚቀጣው ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ያው ተንኰል ዛሬም «ሽልማት ደርሶሃል» እያለ ይመጣል። ስለዚህ ነገ ዩኒቨርሲቲ የምንገባ ተማሪዎች፥ ያልጠበቅነው ፋይል በወዳጅ ስም ቢመጣ እንኳ፥ ላኪውን ሳንጠይቅ ልንከፍተው አይገባንም።