መንገደኛና ጠመንጃ

መንገድ የሚወጣ ሰው ምን ይታጠቅ? ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ጥያቄ የሚያነሱ ወዳጆች በዝተውብኛል። አንዱ በገዛ መኪናው ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴም በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም ሊገባ ያስባል። ሌላው ማሻ ዘመድ አለው፤ የሸካውን ማሻ ሳይሆን የኛን የወሎውን ማለቴ ነው። ሁለቱም መጨረሻ ላይ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ «ሽጉጥ ይሻላል ወይስ ክላሽ?»

እኔ የጦር መሣሪያ ዐዋቂ አይደለሁም። ነገር ግን ጥያቄው አዲስ አይደለምና አባቶቻችን እንዴት እንደመለሱት መመርመር ይቻላል። ለዚህም ሩቅ መሄድ አያሻም። በበሽሎና በአባይ ሸለቆዎች መካከል ያለው የምዕራብ ወሎ ደጋ፣ ማለትም መቅደላ፣ ሳይንትና ቦረና፣ ከጎንደር ወደ ሸዋ የሚሻገር መንገደኛ የሚፈራው አገር ነበር። ገደሉ አድፋጭን ይሸሽጋል፤ መሻገሪያው ጥቂት ስለሆነ መንገደኛ የት እንደሚያልፍ አስቀድሞ ይታወቃል። በዚህ አገር ከ1834 እስከ 1860 ዓ.ም. ባሉት 26 ዓመታት ውስጥ የተፈጸሙ ሦስት ታሪኮች ለጥያቄያችን ብዙ ያስተምሩናል።

የመጀመሪያው የዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ታሪክ ነው። ክራፕፍ ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ሲሆን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ተቀምጦ ነበር። በ1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ተነሥቶ በወሎ በኩል ጎንደርን፣ ከዚያም ምጽዋን ሊይዝ ወጣ። የለጋ ጎራው ባላባት አዳራ ቢሌ መጀመሪያ እንደ እንግዳ ተቀበለው፤ ወደፊት ሲሄድ ግን በጦርነት ምክንያት መንገድ ተዘጋበትና ተመለሰ። ያን ጊዜ ያው ባላባት አግቶ ንብረቱን ገፈፈው። ክራፕፍ ከብዙ እንግልት በኋላ ምጽዋ ደረሰ። እንግዲህ አስቡት፤ የቀማው ጫካ ውስጥ የተደበቀ ወንበዴ ሳይሆን ያስተናገደው የአገሩ ገዥ ነው። በዚያን ጊዜ ከነበሩት ጠመንጃዎች የቱን ቢመርጥ ያድነው ነበር? ከአስተናጋጅህ ጋር በገዛ አገሩ፣ በገዛ ሠራዊቱ መካከል መታኮስ አይቻልም። ክራፕፍ የተጠቃው የተማመነበት ሰው ቃሉን ባጠፈ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። የሸዋው ወጣት መስፍን ምኒልክ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ አሥር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ ሰኔ 1857 ዓ.ም. በሌሊት ከመቅደላ አምባ ጠፉ። ከጥቂት ተከታዮች ጋር በጠላት አገር እያለፉ ሸዋ መድረስ ነበረባቸው። የወሎዋ ገዥ ወርቂቱ ተቀብላ አሳለፈቻቸው። የወርቂቱ ልጅ በዚያን ጊዜ በመቅደላ በቴዎድሮስ እስር ቤት ነበር። ምኒልክን ይዛ ብትመልስ ልጇን የምታድንበት ዕድል ነበራት። አልመለሰችም፤ ቴዎድሮስም ልጇን አስገደሉት። ምኒልክ ሸዋ ገቡ፤ ከዚያም ንጉሥ፣ በኋላም ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ኋላ በአድዋ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሠራዊት ያሰለፉት ንጉሥ ከዚያች ሌሊት የተረፉት በታጠቁት መሣሪያ ሳይሆን አንዲት እናት በከፈለችው ዋጋ ነው። ይህ ታሪክ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ውስጥ ሊኖረው የሚገባውን ቦታ አግኝቷል ብዬ አላምንም።

ሦስተኛው የአንድ ሽጉጥ ታሪክ ነው። የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ከቴዎድሮስ ጋር የቀረበ ወዳጅነት ነበረው። ፕላውደን ከሞተ በኋላ ንግሥት ቪክቶሪያ ለእርሱ ስለተደረገለት ደግነት ምስጋናዋን የሚገልጽ ጽሑፍ የተቀረጸበት ሽጉጥ ለቴዎድሮስ ላከች። ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. ወደ ምጽዋ ለመውረድ ከጎንደር ሲወጣ ጋረድ የተባለው የቴዎድሮስ ዘመድ የሆነ ሸፋች መንገድ ላይ አደጋ ጥሎ አቆሰለውና ማረከው። በቤዛ ተለቆ ጎንደር ቢገባም ቁስሉ አልዳነም፤ ሞተ። ሽጉጡስ? ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የናፒየር ወታደሮች መቅደላን ሲሰብሩ ቴዎድሮስ በዚያው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። የንግሥቲቱ ስጦታ ቴዎድሮስን አላዳነም።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ላንሣ። ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ትልቁን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ያህል ገደል እየናዱ መንገድ ጠርገዋል። በዚህ አገር በመንኮራኩር ለሚሄድ ነገር ከተቀደዱት የመጀመሪያ መንገዶች አንዱ የተቀደደው ለመሣሪያ ነበር ማለት ነው። መድፉ ደረሰ። ሚያዝያ 3 ቀን በእሮጌ ሜዳ ላይ ግን በስናይደር ጠመንጃ እየጎረሰ የሚተኩሰው የእንግሊዝ ጦር ከቴዎድሮስ ሰዎች 700 ያህሉን ገደለ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ገደማ፣ በኋላ የሞቱትም ሁለት ብቻ ነበሩ። ስናይደር በኋላ በኛ አፍ ሰናድር ሆነ። የአገሬው ሰው ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ምን እንደሚያደርግ ያየው ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ የመሣሪያ ምርጫ የየቤቱ ጨዋታ ሆነ። ስሞቹን የማያውቅ የወሎ ልጅ ያለ አይመስለኝም። በአፈሙዙ የሚጎርሰው አሮጌ ጠመንጃ በቀልድ «ቆመህ ጠብቀኝ» ይባላል። ውጅግራ የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ነው፤ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ፣ አንድ ጎራሽ። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ለበልን ስትይዝ ያረጀው ውጅግራ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደኛ ጎረፈ። ምንሽር ከማንሊከር፣ ቤልጅግ ከቤልጅግ አገር፣ መውዘር ከጀርመን ስማቸውን ይዘው መጡ። ባለቅኔው አርተር ራምቦ እንኳ በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ ለምኒልክ ሊሸጥ ሸዋ ወጥቷል። የጫነው ፈረንጅ የጣለውን አሮጌ ነበርና ምኒልክ ዋጋውን አስቀንሰው፣ የሟች ሸሪኩንም ዕዳ ቀንሰው ነው የከፈሉት። ንጉሡ መሣሪያ መምረጥ ያውቁ ነበር።

መንገደኛውስ እንዴት ይመርጥ ነበር? እንደሚመስለኝ ሦስት ነገር ይመለከት ነበር። የመጀመሪያው ጥይቱ ነው። በዚያ ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በገበያ የሚመነዘር ገንዘብ ነበር። ስለዚህ በሚሄድበት አገር ገበያ ጥይቱ የማይገኝ ጠመንጃ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከዱላ አይሻልም። ሁለተኛው ጭሱ ነው። ውጅግራ በጥቁር ባሩድ ስለሚተኩስ አንድ ጊዜ ሲተኮስ የተኳሹን ቦታ ያሳያል፤ ለበል ግን ጭስ የለውም። ሦስተኛው ጎራሹ ነው። አንድ ጎራሽ የያዘ መንገደኛ ተኩሶ ከሳተ ሁለተኛውን እስኪያጎርስ ድረስ ዱላና ጦር የያዘው ይደርስበታል፤ አምስት ጎራሽ የያዘው ግን በርቀት ሊያቆመው ይችላል።

ዳሩ ግን ከእነዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር ነበረ። በዚያ አገር ከመንገደኛ ጓዝ ሁሉ በቀማኛ ዓይን ውድ የሆነው ጠመንጃው ራሱ ነበር። ጨርቅ የጫነ ነጋዴ ጨርቁን ሰጥቶ ሊያልፍ ይችላል። ቤልጅግ ያነገተ ግን፣ ቢሰጥም ባይሰጥም፣ ተከትሎ እንዳይበቀል ይገደላል። ያማረ መሣሪያ አንግቶ ብቻውን የሚሄድ ሰው ሀብቱን በትከሻው ላይ ለገበያ አውጥቷል ማለት ነው። የአባቶቻችን ብልሃት በዚህ ላይ የተመሠረተ ይመስለኛል።

ስለዚህም ሲራራ ነጋዴ ብቻውን አይንቀሳቀስም ነበር። በነጋድራስ ሥር ተሰባስቦ፣ ኬላ በኬላ እየጠየቀ፣ ሲመሽም በአንድ ሰፈር እያደረ ይጓዝ ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ለዚህ የተተረተ ይመስላል። በየአገሩም እንግዳን ተቀብሎ እስከ ወሰን የሚሸኝ ሰው ይፈለጋል። ከሁሉም በላይ መንገደኛ ተዘርፎ ወይም ተገድሎ ሲገኝ የዚያ ቀበሌ ሕዝብ በአፈርሳታ ተሰብስቦ ወንጀለኛውን እንዲያወጣ ይገደድ ነበር፤ ካላወጣ ይቀጣል። አፈርሳታ ጉድለት አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ ንጹሑ ከበደለኛው ጋር ቀኑን ሲያቃጥል፣ ከሥራው ሲፈታ ይውል ነበር። ነገር ግን አሳቡ ትልቅ ነው። በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሰው ሁሉ የማያውቀው መንገደኛ በሰላም ማለፍ ይጠቅመው ነበር። ገበሬው ጭልጋውን አልፎ የሚሄደውን ባያውቀውም ደሙ በርሱ አገር እንዳይፈስ ይጠነቀቃል።

መኪና ሲመጣ ይህ ሥርዓት ተናጋ። በበቅሎ የሚሄድ ሰው በየመንደሩ ያድራል፣ ስሙን ይናገራል፣ ዘር ይቆጥራል፣ ከውኃ ወራጅ ሴት ጋር ሰላምታ ይለዋወጣል። በመኪና የሚሄድ ግን አቧራውን አልብሶት ያልፋል። ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ እርሱም የማንን አገር እንደሚያቋርጥ አያውቅም። ለአድፋጭ ደግሞ መኪና ምቹ ነው። ከመንገዱ አይወጣም፣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፣ በጠመዝማዛው ላይ ይዘገያል። የሹፌሩ ሁለት እጅ መሪ ላይ ነው፤ ሽጉጡ ከወንበሩ ሥር ነው፤ ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠዋል። ጊዜውንና ቦታውን የመረጠው ሌላ ሰው ነው። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የመሣሪያው ዓይነት ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ለዚህ ምስክር የሚሆነን የሜጀር ጄኔራል ተሾመ እርገቱ ሞት ነው። ጄኔራሉ በኤርትራ የነበረው የሁለተኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ነበሩ። መሣሪያ አላጠራቸውም፤ ወታደርም አላጠራቸውም። ኅዳር 1963 ዓ.ም. ከአስመራ ወደ ከረን በሚወስደው መንገድ ላይ የጀብሃ ተዋጊዎች አድፍጠው ገደሏቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በአብዛኛው የኤርትራ ክፍል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። አንድ ሙሉ ክፍለ ጦር የሚያዝዝ ሰው በመኪና መንገድ ላይ ራሱን ማዳን ካልቻለ፣ በግል መኪናው ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው በአንድ ሽጉጥ ምን ያደርጋል?

ከዚያ ወዲህ ክላሽንኮቭ መጣ። ሚካኤል ክላሽንኮቭ በ1947 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ጠመንጃ በካዝናው 30 ጥይት ይይዛል። ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ሲወዳጅ በብዛት ገባ፤ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ደግሞ በየቤቱ ተሰራጨ። የውጅግራ ዘመን አንድ ነገር ነበረው፤ ገበሬና ቀማኛ ሁለቱም በአንድ ጥይት ይታሰቡ ነበር። ዛሬ መንገድ የሚዘጋው ቡድን ሁሉ ክላሽ አለው። ስለዚህ መንገደኛው ክላሽ ቢይዝ እኩል ይሆናል ብሎ ማሰብ አይቻልም፤ እነርሱ አሥር ናቸው፣ ገደሉም የነርሱ ነው።

ሕጉም መታወቅ አለበት። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 መሠረት ራስን መከላከል የሚፈቀደው ሕገ ወጥ ጥቃት ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና አጸፋው ከጥቃቱ ጋር ከተመጣጠነ ነው። መሣሪያ መያዝ ደግሞ በዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል። በዚህ ላይ ተጨማሪ አደጋ አለ። ጦርነት ባለበት አገር ኬላ ላይ በመኪና ውስጥ መሣሪያ የተገኘበት ሰው ለአንዱ ወገን የሌላው ታጣቂ ሊመስለው ይችላል። ያን ጊዜ ለወንበዴ የተያዘው ጠመንጃ ባለቤቱን ለወታደር ይሰጠዋል።

ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው የሚመለሱ ከመቶ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል። ስለ መሣሪያ ምርጫ በተጠየቅሁ ቁጥር የሚታወሱኝ እነርሱ ናቸው። ለእነዚያ ልጆች ምን ዓይነት ጠመንጃ እንምረጥላቸው? ሐምሳ መንገደኛ በተሳፈረበት አውቶቡስ ውስጥ ተኩስ ቢከፈት ማን ይተርፋል?

ለወዳጆቼ የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ያለበትን ሁኔታ እዚያው ካለ ሰው ጠይቁ። ብቻችሁን አትውጡ፤ ሳይመሽ ግቡ፤ የምታድሩበትን ቤት አስቀድማችሁ እወቁ፤ መንገዱ ከተበላሸ ቅሩ። ይህ ሁሉ ነጋድራሶች የሚያደርጉት ነበር። መንገደኛን ማሳለፍ ግን የመንገደኛው ሥራ ብቻ አይደለም። ወርቂቱ ዋጋውን ከፍላ ያሳለፈችው የራሷን ልጅ ሳይሆን የሰው ልጅ ነው። የመንግሥትም፣ የታጣቂውም፣ የመንገድ ዳሩ ነዋሪም ጥያቄ ይኸው ነው፦ በእኔ ወሰን የሚያልፈው ሰው በሕይወት ማለፉ የእኔ ጉዳይ ነው ወይስ አይደለም? የምዕራብ ወሎ መንገድ ለሁለቱም መልስ ምስክር አለው፤ አንደኛው አዳራ ቢሌ፣ ሁለተኛዋ ወርቂቱ።