በእንሴኖ ያልበራው መብራት፤ ስለ ፍሬን ምርመራ አጭር የታሪክ ጥናት

በጉራጌ አገር፣ ከቡታጅራ ብዙም በማትርቀው በእንሴኖ፣ በገበያ ቀን ከመንገድ ዳር ለቆመ ሰው የመጓጓዣ ታሪክ በአንድ ጊዜ በፊቱ ያልፍለታል። ጋሪው፣ ባጃጁ፣ በርበሬ የጫነው አይሱዙና ሰው የሞላው ሚኒባስ ተከታትለው ይሄዳሉ። የጋሪው ፈረስ በልጓም ይቆማል፤ ባጃጁ በታምቡር ፍሬን ይቆማል፤ ከሚኒባሶቹ አንዳንዶቹ ግን ኤ.ቢ.ኤስ. የሚባል፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቅ መሣሪያ አላቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ መብራት ምን እንደሚናገር፣ መካኒክም ሕመሙን እንዴት እንደሚያገኝ በታሪክ መንገድ ማስረዳት ነው።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ቤንትሌይ በተባለ እንግሊዛዊ አማካይነት ነው። የጋራዡ ቋንቋ ግን በአብዛኛው የመጣው ከጣሊያኖች እንደ ሆነ ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ኩሽኔታ የጣሊያን ቃል ነው፤ ፍሬንም እንዲሁ። የጣሊያኑ ቃል መነሻ ደግሞ የፈረስ ልጓም ማለት ነው። በጉራጌ አገር የመኪና መንገድ እንዲስፋፋ ሕዝቡ ራሱ ብዙ ደክሟል፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ ጉራጌዎች ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት ማቋቋማቸው የታወቀ ነው።

በዚያን ዘመን መካኒክ ፍሬንን የሚመረምረው በእግሩ፣ በጆሮውና በዓይኑ ነበር። ፔዳሉ ሲረገጥ ቢለሰልስ በዘይቱ ውስጥ አየር ገብቷል ይላል፤ ቢያፏጭ ሸራው አልቋል ይላል፤ መኪናው ወደ አንድ ወገን ቢስብ አንዱ ጎማ ከሌላው ይበልጥ እንደሚያዝ ያውቃል። ሕመሙን የሚናገረው መኪናው ራሱ ነበር።

ነገር ግን በዚያ ፍሬን ላይ አንድ ክፉ ነገር ነበረበት። ሾፌር ደንግጦ አጥብቆ ሲረግጥ ጎማው ይቆለፋል፤ የተቆለፈ ጎማ ይንሸራተታል፤ የሚንሸራተት የፊት ጎማም መሪውን አይታዘዝም። ይህን ለማስቀረት የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1936 የፈጠራ መብት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የእንግሊዙ ደንሎፕ ማክሳሬት የተባለውን መሣሪያ ለአውሮፕላን ጎማዎች አዋለ፤ በ1966ም በጄንሰን አውቶሞቢል ላይ ተገጠመ። በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራውን ቦሽና መርሴዲስ ለገበያ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። በየጎማው አጠገብ የጎማውን ፍጥነት የሚለካ ሴንሰር አለ። አንዱ ጎማ ሊቆለፍ ሲል ኮምፒዩተሩ የዚያን ጎማ የዘይት ግፊት በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየለቀቀ መልሶ ይይዘዋል። ኮምፒዩተሩ በራሱ ሥርዓት ላይ ጉድለት ካገኘ ሥራውን ያቆምና ቢጫውን መብራት ያበራል። ተራው ፍሬን ግን እንደ ቀድሞው ይሠራል። ስለዚህ ቢጫው ብቻ ሲበራ በዝግታ እየነዱ ወደ ጋራዥ መሄድ ይቻላል፤ ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ ግን መቆም ይገባል።

ይህን ሁሉ የተማርሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አጎቴ ያገለገለ ሚኒባስ ገዝቶ ነበር። በክረምት ከቡታጅራ ወደ እንሴኖ ሲመለስ በዝናብ መካከል ፍሬን ቢይዝ ጎማዎቹ ተቆልፈው መኪናው ከነሰዉ ወደ ቦይ ገባ። በእግዚአብሔር ቸርነት የሞተ የለም። በማግሥቱ በከተማው ወዳሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ አብሬው ሄድሁ።

«መብራቱ በርቶ አይተህ ታውቃለህ?» አሉት።

«ኧረ ጋሼ፣ አንድ ቀንም በርቶ አያውቅ። መኪናው ጤነኛ ነው።»

«እንግዲያስ ጤነኛ አይደለም፤ አፉን ለጉመውታል» አሉና ቁልፉን ከፈቱ።

ቁልፍ ሲከፈት ይህ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት፤ ኮምፒዩተሩ ራሱን የሚፈትነው በዚያን ጊዜ ነው። የሌሎቹ መብራቶች በሩ፤ የእርሱ ቦታ ግን ጨለማ ነበር። ዳሽቦርዱ ሲፈታ አምፖሉ ተነቅሎ ተገኘ። ማን እንደ ነቀለው አናውቅም፤ የተነቀለው መኪናው እንዲሸጥ መሆኑ ግን አያጠራጥርም።

አምፖሉ ሲገባ መብራቱ በራ፤ አልጠፋምም። ሽማግሌው በመጀመሪያ የፍሬኑን ዘይት፣ የባትሪውን ኃይልና ቫልቮላዎቹን አዩ። ቀጥሎ የምርመራው ማሽን ተሰካና የግራውን የፊት ጎማ ሴንሰር የሚከስ ኮድ አወጣ። አጎቴ ወዲያው አዲስ ሴንሰር ልግዛ አለ። እርሳቸው ግን ከለከሉት፤ ኮዱ ጎማውን ይነግረናል እንጂ ምክንያቱን አይነግረንም አሉ። ጎማውን አንሥተው ቢነቀንቁት ኩሽኔታው ላልቷል፤ ኩሽኔታ ሲላላ በሴንሰሩና በጥርሱ ቀለበት መካከል ያለው ክፍተት ይዛባል። በሴንሰሩ ጫፍ ጭቃና የብረት ብናኝ ተጋግሯል፤ ሽቦውም ተልጦ ነበር። ኩሽኔታው ተለወጠ፣ ጫፉ ተጠረገ፣ ሽቦው ተጠገነ፤ ጥቂት እንደ ተነዳም መብራቱ ጠፋ። ሴንሰሩ አሮጌው ነው፤ እስከ ዛሬም ያገለግላል።

ለታሪክ ተማሪ ከዚህ የሚገኝ ትምህርት አለ። ኮድ እንደ ጽሑፍ ማስረጃ ነው፤ የት መመልከት እንደሚገባ ያሳያል፤ የሆነውን ነገር ለማወቅ ግን ጎማውን አንሥቶ መነቅነቅ ያስፈልጋል። በማሽኑ ጊዜ የአሮጌው መካኒክ እጅና ዓይን ሥራ አልፈታም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ሸራው ያለቀ ፍሬን ሲያፏጭ ማንም ዝም ሊያሰኘው አይችልም ነበር፤ ዛሬ ግን የመኪናውን ምስክርነት ትንሽ አምፖል በመንቀል መደበቅ ይቻላል። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ነቃዩ ሳይሆን በኋላ ወንበር የተቀመጠው ገበያተኛ ነው።

ስለዚህ መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ቁልፉን ብቻ ይክፈትና መብራቶቹን አንድ በአንድ ይቍጠር። የሚበራው መብራት ሊያስፈራው አይገባም፤ ይልቅስ መብራት ሲገባው ያልበራውን ይፍራ።