ለቤት ኮምፒውተር ዩፒኤስ ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

መብራት ድንገት ጠፍቶበት ሴቭ ያላደረገው የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ የሄደበት ሰው ዩፒኤስ ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠይቅም። ጥያቄው «የቱን ልግዛ?» ነው። ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

1. ዩፒኤስ ጄኔሬተር አይደለም። ሥራው ፋይላችሁን ሴቭ አድርጋችሁ ኮምፒውተሩን በአግባቡ እንድትዘጉ ጊዜ መስጠት ነው። 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው ትንሽ ዩፒኤስ 150 ዋት የሚወስድ ዴስክቶፕን ከነሞኒተሩ በግምት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያቆያል። ለሰዓታት መሥራት ከፈለጋችሁ የሚያስፈልጋችሁ ኢንቨርተርና ትልቅ ባትሪ ነው።

2. ቪኤውን ሳይሆን ዋቱን እዩ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቪኤ ነው። ርካሾቹ ላይ ትክክለኛው ዋት ብዙ ጊዜ የዚያ 60 በመቶ ገደማ ነው። 650 ቪኤ የተባለው የሚችለው 390 ዋት ወይም ከዚያ በታች ነው ማለት ነው። የኮምፒውተሩንና የሞኒተሩን ዋት ደምሩና ሩብ ያህል ጨምሩበት።

3. ላይን ኢንተራክቲቭ የሚለውን ምረጡ። ቮልቴጅ ከ220 ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል ባትሪውን ሳይነካ ያስተካክላል። ኦፍላይን የሚባለው ግን ቮልቴጁ ሲወርድ ቶሎ ወደ ባትሪ ስለሚዞር፣ መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ባትሪው ቶሎ ይደክማል።

4. ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። የዩፒኤስ ባትሪ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል፤ ሙቀት ደግሞ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ሳይሞላ መደርደሪያ ላይ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ «አዲስ» ዕቃ ባትሪው ሞቶ ሊሆን ይችላል። አምፖል ሰክታችሁ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ንቀሉት። አምፖሉ ወዲያው ከጠፋ ወይም ከደቂቃ በኋላ ከከዳ አትግዙት። ባትሪው ሲያረጅ ለብቻው መቀየር መቻሉንም ጠይቁ።

5. ካውያ፣ ምጣድና ሌዘር ፕሪንተር አትሰኩበት። ከአቅሙ በላይ ይስባሉ።

ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ ባትሪው ራሱ ዩፒኤሳችሁ ነው። የሚቸግራችሁ ዋይፋይ ከሆነ ለራውተር የሚሠራው ትንሹ ዩፒኤስ ይበቃችኋል። ብቻ የራውተራችሁ አዳፕተር 9 ቮልት ይሁን 12 ቮልት አይታችሁ ግዙ።

ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጉት። ዴስክቶፕ ላለው ጓደኛችሁም አጋሩለት።