በክረምት ዕረፍት ወደ ውጭ አገር የሚጓዙ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች፦ ከመካነ ሰላምና ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ለሚነሡ አመልካቾች የቀረበ መረጃ

የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች «የበጋ ትምህርት» የሚሉት አጭር የጥናትና የጉብኝት ፕሮግራም በአብዛኛው የሚካሄደው በጁላይና በኦገስት ነው። ይህ ወቅት በቦረና፣ በለጋምቦና በአጎራባች ወረዳዎች ዝናብ የሚበረታበት ሐምሌና ነሐሴ ነው። በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የቱሉ አውሊያ ወይም የመካነ ሰላም ግቢ የሚማር፣ አልያም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደ ቤተሰቡ የሚመለስ ተማሪ ዝግጅቱን ከጥር ወር ጀምሮ ቢያከናውን ይመረጣል። በሰኔ የተጀመረ ዝግጅት ለዚያው ክረምት የሚደርሰው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

ፓስፖርት የሚሰጠው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፤ አሻራና ፎቶግራፍ ለመስጠት ግን አመልካቹ በአካል መቅረብ ይኖርበታል። ለአካባቢው ቅርብ የሆነው ቅርንጫፍ ደሴ የሚገኘው ሲሆን፣ ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል ይደረሳል። ቪዛ የሚጠየቅባቸው ኤምባሲዎች በአዲስ አበባ በመሆናቸው ሌላ ጉዞ እንደሚያስፈልግ ከወዲሁ ታስቦ ጊዜና ገንዘብ ሊመደብለት ይገባል።

አመልካቾችን አብዝቶ የሚያጉላላው የሰነዶች አለመጣጣም ነው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕትና ፓስፖርት አንድ ዓይነት ስም ሊይዙ ይገባል። በአማርኛ «መሐመድ» ተብሎ በአንድ መንገድ የሚጻፈው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በአንዱ ሰነድ ነጠላ «ኤም»፣ በሌላው ድርብ «ኤም» ይዞ ይገኛል፤ ለውጭ አገር ቪዛ መርማሪ እነዚህ ሁለት ሰዎች ሊመስሉት ይችላሉ። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 5 ቀን 1996 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 12 ቀን 2004 ይሆናል፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት የተወለደው ግን የ2003 ልደት ነው። ወሩን ሳይመለከቱ በሁሉም ላይ 8 ዓመት መደመር የተለመደ ስሕተት ሲሆን፣ ተማሪውን በወረቀት ላይ በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል። እርማቱ ከፓስፖርት ማመልከቻው በፊት በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ቢደረግ ድካሙ ይቀንሳል፤ የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራርም ከዚያው ጋር እንዲያስማማ ይጠየቃል።

ወደ ሸንገን አገሮች ለሚደረግ አጭር ጉዞ ማመልከቻ የሚቀርበው ከጉዞው ቀን ከ6 ወር በማይበልጥና ከ15 ቀን በማያንስ ጊዜ ውስጥ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን ያስፈልጋል፤ ቆይታውም በ180 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀን አይበልጥም። የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት የሚጠይቁ አገሮች አሉ፤ ምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመነሻው ዋዜማ የተወሰደ ክትባት አያገለግልም።

ለአጭር ቆይታ የተሰጠ ቪዛ የሥራ ፈቃድ አይደለም። የትምህርት ዕድል ተገኝቷል፣ እዚያ ከደረሱ በኋላም ሥራ ይመቻቻል በማለት ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሲያጋጥም፣ የጥሪ ደብዳቤውን እውነተኛነት ከጋባዡ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውር በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

በውጭ አገር መጀመሪያ ግራ የሚያጋባው ብዙ ጊዜ የስም አጠራር ነው። የፓስፖርቱ የመጨረሻ ስም የቤተሰብ መጠሪያ ተደርጎ ስለሚወሰድ ተማሪው በአያቱ ስም ሊጠራ ይችላል። ሰዓቱም በ6 ይለያያል፤ «ሦስት ሰዓት» ብሎ የተቀጣጠረ ሰው እንዳይዘገይ ልብ ማለት አለበት። ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው የየራሳቸውን ሥጋ ለይተው የሚመገቡበት አገር በመሆኑ፣ ስለ ምግብ መጠየቅ ለአካባቢው ተማሪ አዲስ ነገር አይደለም። «ሐላል» የሚለው ቃል በብዙ አገር ይታወቃል። የጾም ምግብ ግን ማስረዳት ይጠይቃል፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾመው ፍልሰታ በቀጥታ በፕሮግራሙ መካከል ስለሚውል፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ምግብ እንደሚፈለግ ለአስተናጋጁ አስቀድሞ መጻፍ ይበጃል። በሰሜን አውሮፓ በጁላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ በመሆኑ የመግሪብና የዒሻእ ሶላት ጊዜም እጅግ ይዘገያል።

ወደ ለንደን የሚሄድ ተማሪ ከአገሩ ታሪክ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። የእንግሊዝ ጦር ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከወሰዳቸው ቅርሶች መካከል 11 ታቦታት በብሪቲሽ ሙዚየም ለሕዝብ ሳይታዩ ተቀምጠዋል፤ የወርቅ ዘውዱ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ብራናዎቹም በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ከጦሩ ጋር በልጅነቱ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ አርፎ በዊንድሶር ተቀብሯል። ስለ ቅርሶቹ የሚጠየቅ ተማሪ እነዚህን ነገሮች ዐውቆ መሄዱ መልካም ነው።

ፓስፖርት የጠፋበት ተጓዥ በቅድሚያ ለአገሩ ፖሊስ አመልክቶ የማስረጃ ወረቀት ይቀበላል፤ ከዚያም በአቅራቢያው ወዳለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ ለመመለሻ የሚያገለግል ሊሴ ፓሴም መጠየቅ ይችላል። በሕግ ጥላ ሥር የዋለ ዜጋ በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 መሠረት ቆንስላው እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት አለው። የፓስፖርቱን ቅጂና የኤምባሲውን ስልክ ቁጥር ከፓስፖርቱ ለይቶ መያዝ፣ አንድ ቅጂም ለቤተሰብ መተው ያስፈልጋል።