የውጭ ንግድ ከሥራ ያወጣው ሠራተኛና የመንግሥት ርዳታ፤ የባሕር ዳርን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መነሻ በማድረግ

ዓባይ ከጣና ተለይቶ በሚወጣበት አቅራቢያ የቆመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሲቋቋም ገንዘቡ የተገኘው ከኢጣልያ የጦር ካሣ ነበር። በየካቲት 1939 ዓ.ም. የተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንድትከፍል ወስኖ ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ሲስማሙ ግን መጠኑ ወደ 16.3 ሚሊዮን ዝቅ አለ። የቆቃ ግድብና የባሕር ዳር ፋብሪካ የተሠሩት ከዚሁ ገንዘብ ነው። እንግዲህ ፋብሪካው ራሱ የካሣ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው። የውጭ አገር ዕቃ በመግባቱ ወይም የውጭ አገር ገበያ በመዘጋቱ የፋብሪካ ሠራተኛ ከሥራው ሲወጣ፥ ለእርሱ የሚከፈለው ካሣ ከማን ይመጣል? ሕጎቹን በየዘመናቸው ስንመረምር ያገኘነው መልስ፥ የመንግሥት እጅ ዘወትር ወደ ፋብሪካው ሲዘረጋ ለሠራተኛው የተተወለት ግን የአሠሪው ኪስ መሆኑን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ከፋብሪካው በፊት የነበረውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ለብዙ ዓመታት ወደ አገራችን ከሚገቡት ዕቃዎች ዋነኛው የጥጥ ጨርቅ ነበር። አቡጀዲው በመጀመሪያ ከአሜሪካና ከህንድ፥ በ1920ዎቹ ደግሞ በብዛት ከጃፓን ይመጣ ነበር። ሸማኔው ከዚህ ርካሽ ጨርቅ ጋር ሲወዳደር ያጣውን ገቢ የሚተካለት ሕግም ሆነ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ፋብሪካው የታሰበው እንግዲህ ከውጭ የሚገባውን ጨርቅ በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት ነው። መንግሥትም ለዚህ ዓላማ ብዙ ደክሟል፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ተቋም የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ያስተምር ነበር፤ በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ ማመንጫም ለፋብሪካው የኤሌክትሪክ ኀይል ሰጠ።

ለሠራተኛውስ ምን ተደረገ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል ደንግጓል። በ1956 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 210 ሠራተኞች በማኅበር እንዲደራጁ ፈቀደ። የጡረታው ሕግ ግን በዚያን ጊዜ የሚመለከተው የመንግሥትን ሲቪልና ወታደራዊ አገልጋዮች ነበር። ሥራ ያጣን ሠራተኛ የሚደግፍ የመንግሥት ገንዘብ ከነዚህ ሕጎች በአንዱም አልተቋቋመም። የውጭውን ጨርቅ ቀረጥ ስለሚከላከለው፥ ፋብሪካው ከተጠበቀ ሠራተኛውም እንደ ተጠበቀ ይቈጠር ነበር።

በደርግ ዘመንም ሐሳቡ አልተለወጠም። በ1967 ዓ.ም. ትልልቅ ፋብሪካዎች ሲወረሱ የባሕር ዳሩ ቀድሞውንም የመንግሥት ስለ ነበር ከሌሎቹ ጋር በአንድ ኮርፖሬሽን ሥር ገባ። የውጭ ንግድ በፈቃድ ተወስኖ ሳለ የፋብሪካው ኪሳራ የመንግሥት ኪሳራ ነበር። ሠራተኛው ከውጭ ዕቃ ውድድር ተከልሎ ኖረ፤ መከለያው ግን አጥሩ እንጂ ለሠራተኛው የተሰጠ መብት አልነበረም። ልዩነቱ የታወቀው አጥሩ በተነሣ ጊዜ ነው።

አጥሩ የተነሣው ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ነው። አዋጅ ቁጥር 25/1984 እያንዳንዱ የመንግሥት የልማት ድርጅት በራሱ ገቢ እንዲቆም አደረገ። በ1985 ዓ.ም. የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ከፍ አለ፤ መለዋወጫና የማቅለሚያ ኬሚካል ከውጭ የሚገዛ ፋብሪካ ሁሉ ወጪው ናረ። ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ ደግሞ በዐሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ230 በመቶ ወደ 35 በመቶ ወረደ። አሮጌ መኪና የያዙት ፋብሪካዎች በሕግም በኮንትሮባንድም ከሚገባው ልብስ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። የንግዱ ለውጥ የመንግሥት ውሳኔ ነበር፤ ከሥራ የሚወጣውን ሠራተኛ የመሸኘት ዕዳ ግን የወደቀው በየድርጅቱ ላይ ነው።

ይህ ዕዳ ምን ያህል እንደ ሆነ አሁን ባለው ሕግ ማስላት ይቻላል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የምርት ተፈላጊነት መቀነስን ለሠራተኛ ቅነሳ በቂ ምክንያት አድርጎ ይቀበላል። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የሠላሳ ቀን ደመወዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከዐሥራ ሁለት ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቅነሳ ወይም በድርጅቱ መዘጋት ለሚሰናበት ሠራተኛ የስድሳ ቀን ደመወዝ ይታከልለታል። ስለዚህ ዐሥር ዓመት ያገለገለ ሰው የ180 ቀን፥ ሁለት ዓመት ያገለገለች ወጣት ደግሞ የ100 ቀን ደመወዝ ታገኛለች ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚከፈለው ገበያው በጠፋበትና ገንዘቡ በተሟጠጠበት አሠሪ ነው። ሕጉ የሠራተኛው ጥያቄ ከሌሎች ዕዳዎች እንዲቀድም ቢያዝም፥ ከባዶ ካዝና ቀድሞ መድረስ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ከጣና ዳር ወደ ሐዋሳ ብንሻገር ያው ታሪክ ተገልብጦ ይገኛል። በባሕር ዳር ሠራተኛውን ያሠጋው የሚገባው ዕቃ ሲሆን፥ በሐዋሳ የጎዳው የሚወጣው ዕቃ መከልከሉ ነው። አጎዋ የሚባለው የአሜሪካ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጥቶ የአፍሪካ ልብስ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቀደ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ 60,000 ሠራተኛ እንዲይዝ የታቀደው በዚህ ተስፋ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት በተነሣ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን ከዚህ መብት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አስወጣ። ፒቪኤች የተባለው ኩባንያ ገና ቀኑ ሳይደርስ በፓርኩ ያለውን የራሱን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባወጣው ጥናት የፓርኩ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚያ ሒሳብ ሁለት ዓመት የሠራች ልጅ የምታገኘው የስንብት ክፍያ ከ87 ዶላር አይበልጥም።

እርግጥ ነው፥ መንግሥት ፈጽሞ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ ማለት አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የሠራተኛ ስንብትን ገደበ፤ በጀርመን መንግሥት ገንዘብና በዓለም የሥራ ድርጅት አማካይነትም ለጨርቃ ጨርቅና ለልብስ ስፌት ሠራተኞች የደመወዝ ድጎማ ተሰጠ። ነገር ግን ይህ ለበሽታ የተሰጠ ነው እንጂ ለንግድ ጉዳት የተሰጠ አይደለም፤ ገንዘቡም የሌላ አገር ነበር። በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 የተቋቋመው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታም ለእርጅና፥ ለአካል ጉዳትና ለሞት እንጂ ለሥራ ማጣት አይከፍልም።

ሌላ መንገድ መኖሩን ከውጭ ታሪክ እናያለን። በ1962 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቀረጥን ለመቀነስ ባወጡት ሕግ ውስጥ፥ በውጭ ዕቃ ምክንያት ሥራ ላጣ ሠራተኛ መንግሥት አበልና የሙያ ሥልጠና እንዲሰጥ ተደነገገ። መሠረተ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ከንግዱ የሚጠቀመው አገር በሙሉ ከሆነ የጥቂቶቹን ጉዳት መሸከም ያለበትም አገር ነው። ይሁን እንጂ የማስረጃው መስፈርት እጅግ ጥብቅ ስለ ነበር እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ድረስ አንድ ሠራተኛ እንኳ በዚህ ሕግ አልተረዳም። መስፈርቱ የላላው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2007 እ.ኤ.አ. ለተመሳሳይ ጉዳይ ልዩ ገንዘብ አቋቋመ።

ድኻ አገር ይህን አይችልም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ክብደቱንም አንክድም። ቢሆንም ሁለት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፥ አሜሪካኖችን ለሰባት ዓመት ያሰናከለው የማስረጃ ችግር በሐዋሳው ጉዳይ የለም፤ ጉዳቱ የጀመረበት ቀንም ምክንያቱም በግልጥ ይታወቃል። ሁለተኛ፥ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የጡረታ መዋጮ ስለሚከፈል የሠራተኛው ስም፥ ደመወዝና የአገልግሎት ዘመን በመዝገብ ላይ ሰፍሯል። ጥቂት መዋጮ ታክሎበት ለሥራ ማጣት የሚሆን ገንዘብ ቢቋቋም መሠረቱ አዲስ አይሆንም።

የአሜሪካው የሠራተኞች ርዳታ ሕግ ዘመኑ አልፎ አዲስ አመልካች መቀበል ያቆመው ሐዋሳ ገበያዋን ካጣች ልክ በስድስት ወሩ፥ በሐምሌ 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ነው። የሰጠ መንግሥት መልሶ ሊነሣ እንደሚችል ይህ ያስተምራል። ኢትዮጵያ በጦርነት ለደረሰባት ጉዳት ካሣ ጠይቃ፥ ከተወሰነላት ያነሰም ቢሆን ተቀብላ፥ በጣና ዳር ፋብሪካ ተከለችበት። ያን ጊዜ የጠየቅነው ጉዳቱን ያላደረሰ ሰው ብቻውን አይሸከመው ብለን ነበር። በንግድ ምክንያት ሥራዋን ያጣች ሠራተኛ የምትጠይቀውም ከዚህ የተለየ አይደለም።