ያለ ዳኛ የሚሠራ የሬዲዮ መስመር

ብዙ ጣቢያዎች አንድ የሬዲዮ መስመር ተካፍለው፣ ተራ የሚሰጥ ዳኛ ሳይኖራቸው፣ ምን ያህል መረጃ ሊያሳልፉ ይችላሉ? ለዚህ ጥያቄ በአኃዝ የተደገፈ መልስ የሰጠው፣ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በሐዋይ ዩኒቨርሲቲ የዘረጉትና በ1971 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው አሎሃ የተባለው ሥርዓት ነው። ሕጉ ቀላል ነበር፤ መልእክት ያለው ጣቢያ ወዲያውኑ ይልካል፣ የመድረሱ ማረጋገጫ ካልመጣለትም በዕድል የሚወሰን ጊዜ ቆይቶ ይደግማል።

የዚህ ነፃነት ዋጋ ግን ከባድ ነው። አብራምሰን በ1970 ባሳተመው ስሌት መሠረት፣ ሳይበላሽ የሚያልፈው መረጃ ቢበዛ ከመስመሩ አቅም 18.4 በመቶ ብቻ ነው። ጭነቱ ከልኩ ሲያልፍ ደግሞ ውጤቱ ይባስ ይቀንሳል። ላሪ ሮበርትስ በ1972 ጊዜው በእኩል ክፍሎች ተከፍሎ ጣቢያዎች በየክፍሉ መጀመሪያ ላይ ብቻ እንዲልኩ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ወሰኑ ወደ 36.8 በመቶ ከፍ አለ።

በ1975 ሊዮናርድ ክላይንሮክና ፉአድ ቶባጊ፣ ጣቢያው ከመላኩ በፊት መስመሩን ቢያዳምጥ፣ የሞገዱ ጉዞ መዘግየት ከመልእክቱ ርዝመት አንድ መቶኛ በሚሆንበት ጊዜ ውጤቱ ከ80 በመቶ በላይ ሊደርስ እንደሚችል አሳዩ። ዳሩ ግን ራሳቸው ባስከተሉት ሁለተኛ ጥናት የዘዴውን ድክመት ገለጡት። በአንድ ተራራ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ጣቢያዎች በተራራው ጫፍ ከተተከለው ሦስተኛ ጣቢያ ጋር ይገናኛሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን አይሰማሙም። ሁለቱም መስመሩ ጸጥ ያለ መስሏቸው ይልካሉ፣ መልእክቶቹም በጫፉ ላይ ይጋጫሉ። የችግሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው፤ ማዳመጡ በላኪው ዘንድ ይፈጸማል፣ ግጭቱ ግን የሚደርሰው በተቀባዩ ዘንድ ነው። መፍትሔ ብለው ያቀረቡት፣ መስመሩ መያዙን በተለየ ድምፅ ማሳወቅ፣ ተጨማሪ የሞገድ ስፋት የሚጠይቅ ነበር።

የሬዲዮ አማተሩ ፊል ካርን በ1990 ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ ይቀላል። ላኪው በአጭር መልእክት ይጠይቃል፣ ተቀባዩ ይፈቅዳል፣ ፈቃዱን የሰማ ሌላ ጣቢያ ሁሉ ዝም ይላል። በ1997 የወጣው 802.11 የተባለው ደረጃም ይህን ዘዴ ከማዳመጡ ጋር አጣምሮ ያዘ። ይሁንና ጥያቄውና ፈቃዱ ራሳቸው ጊዜ ስለሚወስዱ ለአጫጭር መልእክቶች ትርፉ ጥቂት ነው።

ጣቢያዎቹ መልእክት እየተቀባበሉ ሲያሻግሩ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በ2001 እንዳሳዩት፣ በሰንሰለት የተደረደሩ ጣቢያዎች ከመስመሩ አቅም በጥሩ አሠራር አንድ አራተኛውን ሊያሳልፉ ሲገባ፣ በ802.11 የሚያሳልፉት አንድ ሰባተኛ ያህሉን ነው። ምክንያቱም የመጀመሪያው ጣቢያ ተሻሚዎቹ ጥቂቶች ስለሆኑ፣ ተከታዮቹ ሊያሻግሩት ከሚችሉት በላይ አብዝቶ ይልካል።